ያላጨበጨብኩበት እሁድ

ስብሰባ አልወድም። ድሮም አልወድም ነበር። ኑሮዬን የገለበጠው ግን ስብሰባ ነው፤ እሱን ላጫውታችሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ እለፉኝ።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ከሶማሊያው ጦርነት ጥቂት ዓመታት በኋላ። እኔ ያን ጊዜ ጅጅጋ ውስጥ የመንገድ ሥራ ጋራዥ ዘበኛ ነበርኩ። አገሬ ከላይ፣ በመንዝ በኩል ነው። ጅጅጋ የመጣሁት ለአንድ ዓመት ተብዬ ነበር፤ አንዱ ዓመት ሲጎተት ሲጎተት ጺሜን አሸበተው። ባለቤቴ ጥሩነሽ መታገሡ ሲሰለቻት ልጆቹን ይዛ ቀድማኝ ወደ አገር ገባች። እኔም መሮኝ ነበር። የጅጅጋን የበጋ ነፋስ የማያውቅ ሰው ምሬቴ አይገባውም። አቧራውን ከሜዳው አፍሶ ያመጣና ወጥህ ላይ ይነሰንሰዋል፤ ጨው ነው ብለህ ዋጥ ማድረግ ነው።

በመጨረሻ ዝውውሬ ተፈቀደ። የቀረኝ የቀበሌ መሸኛ ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን ያለ መሸኛ ከከተማ መውጣት አይታሰብም፤ ኬላው ላይ ያወርዱሃል። ፈራሚው ደግሞ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ በላቸው ነው። ሰውየው ክፉ የሚባል አልነበረም። ወጣት ነው፣ ፈጣን ነው፣ ከላይ የመጣለትን ሥራ ቶሎ ጨርሶ መታየት ይፈልጋል።

«እሁድ ከስብሰባው በኋላ ና፣ እፈርምልሃለሁ» አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሐረር በሚወጣው የጋራዡ ጭነት መኪና ላይ ቦታ ተያዘልኝ። ዕቃዬን ጆንያ ውስጥ ከትቼ አሰርኩት። ለጥሩነሽ «መጣሁ» ብዬ ላክሁባት። ጓደኛዬ ግርማ፣ የጋራዡ መካኒክ፣ ጠባዬን ያውቃልና ቅዳሜ ዕለት ያዘኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ እስከ ሰኞ ድረስ አፍህን ልትሰፋልኝ ትችላለህ?»

«ምን ልናገር ኖሯል?»

«እሱን እኔ አላውቅም። አንተም አታውቅም። ድንገት ነው የሚወጣህ። ሲያጨበጭቡ አጨብጭብ፣ ሲነሱ ተነስ፣ በቃ!»

እውነቱን ነው። እሺ አልኩት፤ ከልቤ ነበር እሺ ያልኩት።

የእሁዱ ስብሰባ ስለ አዳራሽ ነው። ቀበሌው የራሱ መሰብሰቢያ አዳራሽ የለውም፤ የምንሰበሰበው በአንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ጣሪያው በጦርነቱ ጊዜ በጥይት ተበሳስቶ፣ ፀሐይ በየቀዳዳው ገብታ የሰው ራስ ላይ ትቀመጣለች። ጓድ በላቸው አዲስ አዳራሽ ሊያሠራ ነው። ቦታው ተመርጧል፤ ከደረቁ ወንዝ ዳር፣ የሻይ ቤቶቹ መደዳ። መደዳው ሊፈርስ ነው። ከመደዳው መጀመሪያ ያለችው የአሻ ሻይ ቤት ናት።

አሻ ባሏን በጦርነቱ ያጣች፣ በእኔ ዕድሜ አካባቢ ያለች ሶማሌ ናት። በግመል ወተት የፈላ ሻይ ትሸጣለች። መሠረተ ትምህርት ላይ አንድ አግዳሚ ላይ ነበር የምንቀመጠው፤ «ሀ» እና «ሐ»ን ለምን ሁለት እንዳደረጓቸው መምህሩን ጠይቃ አፋጥጣው ታውቃለች። ቤቷ ቤት አይባልም። ቆርቆሮና የሳጥን እንጨት ነው። ግን ከዚያ ሌላ ምንም የላትም።

እሁድ ጠዋት መጋዘኑ ሞላ። ያልመጣ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም፤ ስለዚህ ሁሉም ይመጣል። እኔና ግርማ መሃል ላይ ተቀመጥን። አሻ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ወተት የሞላ ዕቃ ታቅፋለች። ከዛፍ ሥራሥር ተሸምኖ የሚሠራው የሶማሌዎቹ የወተት ዕቃ ነው። ቂጡ ድቡልቡል ስለሆነ መቀመጫ ካልተሠራለት መሬት ላይ አይቆምም፤ ካስቀመጥከው ይጋደማል፣ ከተጋደመ ወተቱ ይፈሳል።

«ወተት ይዘሽ ነው ስብሰባ የምትመጪው?» አልኳት።

«ወተት ሻጮቹ ከገጠር የሚመጡት በጠዋት ነው። ስብሰባም በጠዋት ነው። ሱቁን ዝጉ አሉ። የት ላድርገው? በላቸው ራስ ላይ?»

ግርማ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ግራ እጃችንን ጨብጠን ወደ ላይ አንስተን፣ መፈክር አሰማን፣ ተቀመጥን። ጓድ በላቸው ስለ አዳራሹ ብዙ ተናገረ። ሥዕሉንም አሳየን። እውነት ለመናገር ሥዕሉ ያምራል። ከዚያ የሻይ ቤቶቹን ባለቤቶች ወደ ፊት ጠራ። በፈቃዳቸው እንደሚለቁ ሕዝቡ ፊት እንዲናገሩ ነው። ሌሎቹ አልመጡም ወይም ተደብቀዋል፤ የተነሳችው አሻ ብቻ ናት። ስትነሳ ወተቱን እጄ ላይ አኖረችው።

«ክዳኑ ልል ነው፤ በአንድ እጅህ ከላይ ያዝ» አለችኝና ሄደች።

አንድ እጄ ከሥር፣ አንድ እጄ ከላይ። እንደዚያ ሆኜ ቀረሁ።

አሻ ከፊት ቆመች። «የት እሄዳለሁ?» አለች። ጓድ በላቸው ወደፊት ቦታ እንደሚታሰብ ነገራት። «ወደፊት መቼ ነው?» አለች። እሱንም ወደፊት እንደሚነገራት ነገራት። ዝም አለች። ዝም ስትል «ጓዲት አሻ ተስማምታለች» አለና «ሕዝቡ በጭብጨባ ያጽድቀው!» አለ።

መጋዘኑ በጭብጨባ ተናጋ። የአቅሜን ላጨበጭብ እጄ ተንቀሳቀሰ፤ ክዳኑ ከዳኝ፤ መልሼ ያዝኩት።

ጭብጨባው ሲቆም ጓድ በላቸው እኔን እያየ ነው።

«ጓድ ተሰማ! አንተ ለምን አላጨበጨብክም?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ግርማ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «ወተቱን ከፍ አድርገህ አሳየው፤ ይስቃል፤ ያልፋል» አለኝ። ልክ ነበር። ወተቱን ከፍ ባደርገው ሰው ይስቅ ነበር፣ ሊቀመንበሩም ይስቅ ነበር፣ እኔም ሰኞ መኪናዬ ላይ እወጣ ነበር። ላነሳው ስል ግን ጓድ በላቸው ቀደመኝ።

«ወይስ እጅህ ተቆርጧል?»

ከአግዳሚዎቹ መጨረሻ ሐጂ ዑመር ተቀምጠዋል። የግመል ነጋዴ ነበሩ፤ ወደ ድንበሩ በሚወስደው በቶጎጫሌ መንገድ ከብት ሲያስመልሱ ጦርነቱ ቀብሮት የሄደው ፈንጂ ግራ እጃቸውን ወስዶታል። እሳቸው ብቻም አይደሉም። እዚያ መጋዘን ውስጥ እግር የሌለው፣ ጣት የሌለው፣ ዓይን የሌለው ሞልቶ ነበር። ጓድ በላቸው በተንኮል አላለውም። አፉ ቀደመው። ግን አለው።

አሻን አየኋት። እሷ እኔን አታይም፤ ወተቱን ነው የምታየው፣ እንዳይፈስ።

ምን እንደነካኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ተነሳሁ፣ ወተቱን እንደታቀፍኩ።

«አልተስማማሁም» አልኩ።

ግርማ «አለቀልህ» ሲል ሰማሁት።

«ምክንያትህን አስረዳ» አለ ጓድ በላቸው።

ምክንያት የለኝም ነበር። ዓረፍተ ነገሬ እዚያው አልቋል። ልቀመጥ ጉልበቴን አጠፍኩ።

«ሃ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ሐጂ ዑመር ናቸው። ሶማሌዎቹ ዘንድ ሰው ሽማግሌዎች ፊት ሲናገር አንድ መላሽ አለው፤ ከየንግግሩ ማረፊያ ላይ «ሃ» ይልለታል፤ ሰምቻለሁ፣ ቀጥል ማለት ነው። «ሃ» ከተባልክ በኋላ መቀመጥ ያሳፍራል። ቀጠልኩ።

«አዳራሽ መጥፎ ነው አላልኩም።»

«ሃ።»

«ግን መሰብሰቢያ ለመሥራት ብለን የምንሰበሰብበትን እናፈርሳለን።»

«ሃ።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ሰው ሲሞት የምሰማው እዚህ መጋዘን አይደለም። አሻ ሻይ ቤት ነው። ቦኖው ሲሰበር፣ የወንዙ ጎርፍ ቤት ሲወስድ፣ ቀጥሎ ምን እናድርግ የሚባለው እዚያ ነው።»

«ሃ።»

«ከጦርነቱ ሽሽት ወደዚህ ከተማ ስንመለስ ሰው ቤቱ ለመግባት ይፈራ ነበር። መጀመሪያ ጢስ የወጣው ከእሷ ምድጃ ነው። ጢሱን አይተን ነው የገባነው።»

«ሃ።» ይኼኛው «ሃ» የሐጂ ብቻ አልነበረም። ከአግዳሚው ሌሎችም አሉት።

«ሐጂ!» አለ ጓድ በላቸው፤ «እባክዎ ሥነ ሥርዓት ይጠብቁ!»

ሐጂ ዑመር በዝግታ መለሱ። «ልጄ፣ ሰው ሲናገር የሚመልስለት ከሌለ እብድ ነው። ብቻውን ያወራል። አንተም ጠዋት ብዙ አወራህ፤ መላሽ አጥተህ አዘንኩልህ።»

ያን ጊዜ የተሳቀውን ሳቅ ልነግራችሁ አልችልም። የጣሪያው ርግቦች በረሩ። ጓድ በላቸው ፊቱ ቀላ። ሰዓቱን አየ፣ ወረቀቶቹን ሰበሰበ።

«አጀንዳው ለሚቀጥለው እሁድ በይደር ይቆይ። ጓድ ተሰማ፣ ነገ ጠዋት ቢሮ ና።»

ለአሻ ወተቷን መለስኩላት። ክዳኑን ከፍታ አየችው። «አልፈሰሰም» አለች።

ሰኞ ጠዋት የጋራዡ መኪና ጥሩምባውን ሲነፋ እኔ የቀበሌው ቢሮ በር ላይ ቆሜ ነበር። ድምፁ ወደ ሐረር መንገድ እየራቀ እየራቀ ሄደ።

ጓድ በላቸው አልጮኸብኝም። እሱም የደከመው ይመስል ነበር።

«ለምን እንዲህ ታደርገኛለህ?» አለኝ። «መሸኛህ ተጽፎ አልቋል። ይኸው።» ከመሳቢያው አውጥቶ አሳየኝ። ማኅተም ብቻ ነው የሚጎድለው። «የሚቀጥለው እሁድ ተነስና ተሳስቼ ነበር በል። አንድ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ አጨብጭብ። ማኅተሙን እዚያው እመታልሃለሁ።»

«ካላልኩስ?»

«ካላልክማ ያንተም ጉዳይ ከአዳራሹ ጋር በይደር ነው።»

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። ሥራ አስረክቤያለሁና ዘበኛ አይደለሁም፤ መንገደኛም አይደለሁም። ጆንያዬን ፈትቼ ብርድ ልብስ አወጣለሁ፣ ጠዋት መልሼ አስራለሁ። ግርማ በየቀኑ ይመጣና ይሰድበኛል።

«አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የጠየቀህ! በሬ እንኳ ሲመቱት ይነዳል! ጥሩነሽ መንገድ መንገድ እያየች ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ቆርቆሮ እኮ ነው። ቢፈርስ ነገ ሌላ ቦታ ይተከላል።»

«የት?»

ተናዶ ሄደ።

አሻም ራሷ ነገረችኝ። ሻዬን ከፊቴ አድርጋ ቆመች። «ተሰማ፣ ሂድ። ወላሂ አልቀየምህም። ወተት ይዤ ነበር ብለህ ንገራቸው፤ ውሸት አይደለም፤ እኔ እመሰክራለሁ። ልጆችህ አሉህ።»

«እውነትም ወተት ይዤ ነበር» አልኳት።

«አየህ? ኃጢአትም የለውም።»

ይኼ ነው ያስቸገረኝ። ውሸት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ውሸት አልናገርም ብዬ እገግም ነበር። ግን እውነት ነው። እጄ ላይ ወተት ባይኖር አጨብጭቤ እሄድ ነበር። ጀግና አልነበርኩም። ዛሬም ሰው ሲያወራው ጀግና ያደርገኛል፤ አይደለሁም።

ዓርብ ዕለት ከሐጂ ዑመር ጋር መንገድ ላይ ተገናኘን። ቆሙ።

«እሁድ ትናገራለህ?»

«እንጃ ሐጂ። ምን እንደምናገርም አላውቅ።»

«እሱ ያንተ ነው» አሉ። «እኔ እመጣለሁ። መላሽህ ነኝ። የፈለግከውን ተናገር፣ እመልስልሃለሁ።» ተሳስቼ ነበር ብልም እንደሚመልሱልኝ ከፊታቸው አየሁ። ሄዱ።

እሁድ መጋዘኑ ከባለፈው ይልቅ ሞላ፤ ሰው በር ላይ ቆሟል። ለስኳር ብቻ አልነበረም የመጡት። አሻ ዛሬ ወተት አልያዘችም። መሰናክል እንዳትሆንብኝ ነው መሰለኝ፤ ከእኔ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ጓድ በላቸው መሸኛዬን ጠረጴዛው ላይ፣ ማኅተሙን ከጎኑ አድርጎታል። ከተቀመጥኩበት ይታየኛል።

«በይደር ወደቆየው አጀንዳ እንመለሳለን» አለ። «ጓድ ተሰማ የሚለው አለው።»

ተነሳሁ። እመኑኝ፣ ስነሳ ሐሳቤ መሄድ ነበር። ትንሿን ልጄን በዓይኔ እያየኋት ነው የተነሳሁት።

«ባለፈው እሁድ ስላላጨበጨብኩበት ነገር ነው» አልኩ።

«ሃ» አሉ ሐጂ ዑመር።

«እጄ ላይ የአሻ ወተት ነበር።»

«ሃ።»

ሰው ፈገግ ፈገግ አለ። ጓድ በላቸውም ፈገግ አለ። ደስ አለው። እጁ ወደ ማኅተሙ ሄደ።

«ዕቃው መሬት ላይ አይቆምም። ብለቀው ይፈስ ነበር። ስለዚህ አላጨበጨብኩም። እውነቱ ይኼ ነው።»

«ሃ።»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። «ተሳስቼ ነበር» ብሎ መቀመጥ። ግርማ ከሥር ኮቴን ይጎትታል። እጆቼን አየኋቸው። ምንም አልያዙም። የት እንደማደርጋቸው ጠፍቶኝ ፊቴ ዘርግቼአቸው ቆሜያለሁ።

«ዛሬ እጄ ባዶ ነው» አልኩ።

ሐጂ ዑመር ወዲያው አልመለሱም። ከዚያ «ሃ» አሉ፣ በቀስታ።

«ባዶ ነው። አሁንም አላጨበጭብም።»

ተቀመጥኩና እጆቼን ጉልበቴ ላይ አኖርኳቸው። ጓድ በላቸው «የምትደግፉ አጨብጭቡ!» አለ። ከፊት ካሉት ከኮሚቴዎቹ በቀር ያጨበጨበ የለም። እነሱም ብቻቸውን መሆናቸው ሲገባቸው አንድ በአንድ ተዉት። ግርማ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲሰድበኝ የከረመው ሰውዬ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ጣሪያውን ያያል።

«በይደር» አለ ጓድ በላቸው።

ከዚያ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። የቀበሌው እስር ቤት ውስጥ ከረምኩ፤ አሻ በየቀኑ ሻይ አመጣችልኝ። ስወጣ ዝውውሬ ተሰርዟል። የጋራዡ ኃላፊ አዝኖ ወደ ዘበኝነቴ መለሰኝ። ለጥሩነሽ «መምጣት አልቻልኩም» ብዬ ላክሁባት፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት አፍሬ ሌላ ምንም አልጨመርኩም። መልስ የለም። ተቀየመችኝ ብዬ ተኛሁ፣ ተነሳሁ፣ ተኛሁ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በር ስጠብቅ አንድ ጭነት መኪና ቆመ። ከጆንያዎቹ ላይ ጥሩነሽ ወረደች፣ ልጆቹ ከኋላዋ። አቧራው ከፀጉሯ እስከ ጫማዋ አልብሷታል። አየችኝ።

«አንተ እንቢተኛ» አለች። «ግርማ ሁሉንም ልኮብኛል። ወተት ታቅፎ ስብሰባ ላይ የሚሰደብ ባል ካለኝ እኔ ራሴ መጥቼ ልይህ አልኩ።» ከዚያ ዙሪያዋን አየች። «ይኼ ነፋስ ዛሬም አልቆመም?»

«አልቆመም» አልኳት።

በዚያው ቀረን። ልጆቼ እዚህ አደጉ፣ እዚህ ተዳሩ። ትንሿ ልጄ ከእኔ ይልቅ በሶማልኛ ነው የምትቆጣው። አዳራሹ በየስብሰባው በይደር ሲተላለፍ፣ ጓድ በላቸው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ ተተኪውም በይደር አስተላለፈው፤ በመጨረሻ መንግሥቱ ራሱ ወደቀና አጀንዳው ሳይወሰን ቀረ። አሻ እስክትሞት ድረስ እዚያው ሻይ ሸጠች። ሐጂ ዑመርን የቀበርናቸው ቀን ንግግር ያደረጉ ሰዎች ነበሩ። የንግግራቸው ማረፊያ ላይ ሲደርሱ ጆሮዬ የለመደውን «ሃ» ሲጠብቅ አጣው። እኔ አልኩት። ሰው ዞሮ አየኝ፤ ግድ የለኝም።

እናንተ ይኼን የምታነቡ፣ ከእኔ ምክር አትጠብቁ። እንቢ ማለት መልካም ነው ብዬ አልነግራችሁም፤ አገር ቤት የነበረችውን እናቴን ሳልቀብር የቀረሁት በዚያ እንቢታ ነው፤ ይኼንን የሚክስልኝ የለም። የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስብሰባ ላይ ስትቀመጡ አንድ ምስኪን ተነስቶ ሁለት ቃል ተናግሮ ቢደናቀፍ፣ ባትስማሙበትም «ሃ» በሉት። እኔ ያን ቀን «ሃ» ባልባል ኖሮ ጉልበቴን አጥፌ ተቀምጬ ነበር።

አሁን አርጅቻለሁ። ጅጅጋ ሰፍታለች፤ በባጃጁ ብዛት መንገድ መሻገር አልቻልኩም። የፊታችን እሁድ ስለ ጎርፍ መውረጃው ስብሰባ አለ ብለው ትናንት በድምፅ ማጉያ ሲያዞሩ ነበር። ጥሩነሽ «አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ፤ ቁጭ በል» ትላለች።

ደክሞኛል። ግን እሄዳለሁ።